በመፃጉዕ ሳምንት ምላስ ላይ የወጣው ነጭ

መሪጌታ ይታገሱ ከሰው ጋር ቂም የማያውቁ፣ ከራሳቸው ጋር ግን ዕርቅ የሌላቸው ሰው ናቸው። ሌላው ቢሳሳት «ሰው ነው» ብለው ያልፉታል፤ እርሳቸው አንዲት የዜማ ምልክት ቢስቱ ግን ሳምንቱን ሙሉ ራሳቸውን ሲከስሱ ይሰነብታሉ። ከመርሳ በላይ ባለችው የሚካኤል ደብር ሃያ ስድስት ዓመት ዜማ አስተምረዋል። ከድምፃቸው በቀር ሀብት የላቸውም። ፈተናውም በዚያው በኩል መጣባቸው።

ባለፈው ጥር አስማቸው ቢበረታ ወልድያ ወርደው ታዩ። ሐኪሙ ጠዋትና ማታ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጣቸውና «በሳቡ ቁጥር አፍዎን በውሃ ተጉመጥምጠው ይትፉ፤ አደራ» አላቸው። አደራውን እንደ ጸሎት ጠበቁት። ደረታቸው ተከፈተ፤ ዳገቱን ሳያርፉ መውጣት ጀመሩ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ነገሩ ተለወጠ። መሪጌታ ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ ከከንፈራቸው አይደርስም፤ ይህ ከተማሪነታቸው ጀምሮ ያልፈረሰ ልማዳቸው ነው። «መድኃኒቱ ነፋስ ነው፤ ነፋስ ጾም አይፈታም። ውሃ ግን ውሃ ነው» ብለው ለራሳቸው ፈረዱ። የጠዋቱን ስበው በደረቅ አፋቸው ወደ ደብሩ ይወጣሉ። የማታውንም ከመኝታ ጸሎት በኋላ ስለሚስቡት፣ ከጸሎት በኋላም ወደ አፋቸው ምንም ስለማያስገቡ፣ መጉመጥመጡ በሁለቱም በኩል ቀረ። ማንንም አልጠየቁም፤ መልሱን የያዙት መስሏቸው ነበርና።

በአራተኛው ሳምንት፣ በመፃጉዕ፣ ከቅዳሴ መልስ ማዕድ ቀርበው ሽሮውን ሲጎርሱ አፋቸው እሳት ሆነ። እጃቸውን ከገበታው አነሡ።

«ምነው? በርበሬው በዛ?» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ውባለም።

«የለም። ጥጥ ጥጥ ይለኛል።»

«ሠላሳ ዓመት ወጤን ሲያመሰግኑ ኖረው ዛሬ ጥጥ አሉት! አቤት የሚባለው ለማን ይሆን?»

መሪጌታ አልሳቁም። ወደ መስኮቱ ሄደው የጢም መላጫ መስተዋታቸውን አነሡና አፋቸውን ከፈቱ። ምላሳቸውና የጉንጫቸው ውስጥ አይብ የተፈረፈረበት መስሎ ነጭ ለብሷል። መስተዋቱን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው አስቀመጡት።

የፈሩት ነጩን ብቻ አልነበረም። ድጓ ያስተማሯቸው የኔታ ብርሃኔ ሲሪንቃ አጠገብ በሞት የተለዩት በምላስ ካንሰር ነው። የእርሳቸውም ሕመም የጀመረው በአንዲት ነጭ ነጥብ ነበር። ያን ጊዜ ደቀ መዝሙር የነበሩት ይታገሱ በእርጥብ ጨርቅ የመምህራቸውን አፍ ያጠቡ ነበር፤ ነጩ ግን ቢጠርጉት ቢጠርጉት አልተነሣም። በስድስተኛው ወር የኔታ ለመናገር ተስኗቸው በጣታቸው ብቻ ዜማ እያመለከቱ ዐረፉ።

ስለዚህ መሪጌታ የገዛ ምላሳቸውን በጨርቅ ለመጥረግ አልደፈሩም። ጨርቁን ሁለት ጊዜ በውሃ ነክረው ሁለት ጊዜ መልሰው አሰጡት። ካልተነሣስ? አለማወቁን መረጡ። ሲናገሩ በነጠላቸው አፋቸውን ይሸፍናሉ፤ ጾመ ድጓውን «ጉሮሮዬ ደርቋል» ብለው ለሌላ ሰጡ። ድምፃቸው እየሻከረ መሄዱን ሲሰሙ ከማን ጋር ክፉ እንደተናገሩ፣ ማንን በቃል እንዳቆሰሉ ዓመት ወደ ኋላ እየቆጠሩ ኃጢአታቸውን ይፈልጉ ጀመር። በአንድ ወቅት አንድን የድጓ ተማሪ «ድምፅህ የበሬ ነው» ብለውት ነበር። እርሱ ይሆን?

በአምስተኛው ቀን ወይዘሮ ውባለም በድንገት ሲገቡ ባላቸው ከመስተዋቱ ፊት አፋቸውን ከፍተው አገኟቸው።

«እግዚኦ! ይህንን ነው የደበቁኝ?»

«ውባለም፣ ተይው። የየኔታ ነው የመጣብኝ።»

«ማን ነገረዎት?»

«ማንም።»

«ማንም ካልነገረዎት አላወቁም። መፃጉዕ ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛው ሰው አጥቶ ነው፤ አንቱ ሰው አለዎት። ይነሡ!»

በባጃጅ ወደ መርሳ ወረዱ። በጤና ጣቢያው የተቀበለቻቸው ጤና መኮንን ከድጃ ነበረች፤ የጨርቅ ነጋዴው የአቶ ሚስባህ ልጅ ናት፤ ከልጅነቷ ያውቋታል።

«መሪጌታ፣ እንደምን ዋሉ? ምን አመጣዎት?»

«እኔ ነኝ ያመጣኋቸው» አሉ ወይዘሮ ውባለም። «ምላሳቸውን ሰርቀው ሲዞሩ ያዝኳቸው።»

ከድጃ ፈገግ አለችና ጓንት አጥልቃ በባትሪ አየች። ፈገግታዋ ወዲያው ጠፋ፤ መሪጌታም ይህን አዩ። ንጹሕ ፋሻ በጣቷ ጠቀለለች።

«አሁን እጠርገዋለሁ። ከተነሣ እዚሁ እናክመዋለን። ካልተነሣ ወልድያ ሄደው በደንብ መታየት አለብዎት።»

ያ የሸሹት ጥያቄ ነበር። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በጨለማው ውስጥ የየኔታ ጣት ዜማ ስታመለክት ታየቻቸው። ፋሻው ምላሳቸው ላይ ሲያልፍ አቃጠላቸው፤ «አቤቱ» የሚለውን ቃል ጀመሩ እንጂ አልጨረሱትም።

«መሪጌታ፣ ዓይንዎን ይግለጡ።»

ፋሻው ላይ ነጩ እንደ አይብ ተጣብቋል። ነጩ በተነሣበት ምላስ ላይ ቀይ ሥጋ፣ ጥቂትም ደም ይታያል።

«ተነሣ» አለች ከድጃ። «ይህ በአፍ ውስጥ የሚወጣ ፈንገስ ነው። በአፍዎ የሚሳብ መድኃኒት ይወስዳሉ?»

«ለአስሜ እወስዳለሁ።»

«ከሳቡ በኋላ ይጉመጠመጣሉ?»

ወይዘሮ ውባለም ዘወር ብለው አዩአቸው።

«ጾም ነው» አሉ መሪጌታ፣ ፈተና እንደወደቀ ተማሪ።

«ይኸውልዎ! መድኃኒቱ አፍ ላይ ሲቀር ፈንገሱ ያድጋል። እኛ እኮ በረመዷን ለውዱእ፣ ለሶላት ስንታጠብ፣ በቀን አምስት ጊዜ እንጉመጠመጣለን፤ ተጠንቅቀን እንተፋለን፣ ጠብታ አትወርድም። ለእርስዎ ሕግ ግን የነፍስ አባትዎን ይጠይቁ፤ የእኔ ሥራ አይደለም።»

ቢሆንም አልለቀቀቻቸውም። እንዲህ ያለው ፈንገስ ስኳር ባለበት ወይም የሰውነት መከላከያው በደከመ ሰው ላይም ስለሚወጣ ስኳርና ኤች አይ ቪ እንዲመረመሩ አማከረቻቸው። መሪጌታ እሺ አሉ፤ ውጤቱን በጠበቁባት ግማሽ ሰዓት ግን የተዋቸው ፍርሃት ሌላ ልብስ ለብሶ ተመለሰባቸው። አግዳሚው ላይ የወይዘሮ ውባለምን እጅ በሰው ፊት ያዙ፤ ይህንን በሠርጋቸውም ቀን አላደረጉትም። ሁለቱም ውጤት ደህና ሆነ።

ኒስታቲን የሚባል ፈሳሽ ታዘዘላቸው፤ በቀን አራት ጊዜ በአፋቸው ውስጥ አዟዙረው፣ ጥቂት አቆይተው እንዲውጡት፣ ነጩ ቢጠፋም ሁለት ቀን እንዲጨምሩ። «የአስሙን ግን በፍርሃት እንዳያቋርጡ፤ የሚገድለው የትንፋሽ ማጠር ነው። መዋጥ ካቃተዎት ወይም በሁለት ሳምንት ካልዳነ ፈጥነው ይምጡ» አለች።

በማግሥቱ ለነፍስ አባታቸው ለቄስ ደሳለኝ ሁሉን ነገሩ። ቄስ ደሳለኝ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሐኪም ያዘዘውን እንዲተዉ ማን አዘዘዎት?»

«እኔው።»

«እንግዲያ እርስዎው ይሻሩት። መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውሰዱ፤ ይጉመጥመጡ። በምትኩ ዳዊት ይድገሙ። የታመመ ሰው ሳይጠይቅ የጨመረው ጾም ትዕቢትም ሊሆን ይችላል።»

ይህ ቃል ከሕመሙ ይልቅ አስደነገጣቸው። የመጀመሪያውን የጠዋት መድኃኒት ግን ከቅዳሴ በፊት በአፋቸው አዟዙረው ዋጡት።

የገብር ኄር ዋዜማ ዕለት ያን ያሰጡትን ጨርቅ ከገመዱ አወረዱ። በውሃ ነከሩት። ይህን ጊዜ መልሰው አላሰጡትም፤ በጣታቸው ጠቅልለው ምላሳቸውን ከሥር እስከ ጫፍ ጠረጉ። ጨርቁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀኑት። ከእርጥበት በቀር ምንም የለበትም። ሁለተኛ ጠረጉ፤ ፍርሃት አንድ ጊዜ በማየት አይረካምና።

በማግሥቱ መቋሚያቸውን ይዘው ከመምህራን መካከል ቆሙ። ድምፃቸው መጀመሪያ ላይ ሻከረ፤ ወይዘሮ ውባለም ከሴቶች ወገን ትንፋሻቸውን ያዙ። ከዚያም ዜማው ተቃና።

ያቺን ምላስ የሰጠ አምላክ ለምስጋና ያቆያት። መሪጌታ ይታገሱን በትንፋሽ፣ ወይዘሮ ውባለምን በጤና ይጠብቅልን፤ ቤታቸውን ፍርሃት ሲያንኳኳ «ይነሡ» የሚል ሰው አያሳጣቸው። አሜን።