የላጩ መቃብር ግጥም

እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጥበት አንድ ቤት አለ፤ እዚያ ላይኛው ፎቅ ላይ እሠራለሁ። ባለቤቱ ታች ይቀመጣሉ። የሚፈልጉትን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ደረጃው ላይ ያኖሩልኛል። አንዳንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ከአፌ የሚወጣው የእግዜር ሰላምታ ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት የቀልድ ግጥም መድበሎች እንድመዘግብ ተሰጠኝ። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለንደን ውስጥ የታተሙ ናቸው። አታሚዎቹ ስለ ሰካራም ቄስ፣ ስለ ቀናተኛ ባል፣ ስለ ሐኪምና ስለ በሽተኛው የተገጠመውን ሁሉ ከዚህም ከዚያም ይለቅሙና፣ ያለ ደራሲ ስም አንድ ላይ ጠርዘው «በልዩ ልዩ ሰዎች የተጻፈ» ብለው ይሸጡታል። ገዢ ሲጠፋ የፊት ገጹን ብቻ ቀይረው እንደ አዲስ ያወጡታል። የእኔ ሥራ የእያንዳንዱን ግጥም የመጀመሪያ ስንኝ መገልበጥ፣ ስንኞቹን መቁጠር፣ ግጥሙ በሌላ መድበል ውስጥም መኖር አለመኖሩን ማመሳከር ነው።

በብዙዎቹ መጨረሻ ላይ ለመቃብር ድንጋይ የተጻፉ አስመስለው የገጠሟቸው ቀልዶች አሉ። አንዱን ሦስት መጽሐፍ ውስጥ አገኘሁት። በመጀመሪያው ሟቹ ጸጉር ላጭ ነው፣ በሁለተኛው ጠበቃ፣ በሦስተኛው የደብር ጸሐፊ። ሌላው ቃል አንድ ነው። ብቻዬን ሳቅሁና በገዛ ድምፄ ደነገጥሁ። ከዚያ በባቡር ስመላለስ ወደ አማርኛ እመልሰው ጀመር። ቤት እስኪመታልኝ ሳምንት ፈጀብኝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ከምኖርበት አፓርትመንት በላይ ባለው ፎቅ አንዲት እናት ይኖራሉ፤ እማማ እላቸዋለሁ። ባለቤታቸው በስትሮክ አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተው ነበር፤ እኔ ሕንጻው ውስጥ ስገባ መናገር አቁመዋል። እሑድ እሑድ ወጥቼ የኢንሹራንስ ደብዳቤ አነብላቸዋለሁ፣ ፎርም እሞላላቸዋለሁ፤ እሳቸው ምሳ ያበሉኛል። በዚህ ሁሉ ከተማ ሳልጠራ ሄጄ የማንኳኳው በር የእሳቸው ብቻ ነበር።

ባለቤታቸው በመጋቢት ዐረፉ። ሰልስቱ ካለፈ በኋላ፣ እንደ ደንቡ፣ ሰው እየመጣ ያጫውታቸው ጀመር። ወንዶቹ ካርታ ይጫወታሉ፣ ሴቶቹ በፎይል የተሸፈነውን ምግብ ያሞቃሉ፤ ያዘነ ሰው ብቻውን ዝም ብሎ እንዳይቀመጥ ቀልድ የሚችል ሁሉ ይቀልዳል። ያን ቀን ጨዋታውን የያዘው አንድ ሾፌር ነበር።

«እኔ ስሞት ለቅሶው ፓርኪንግ ያለበት ቦታ ይሁን» አለ። «ታኮማ ፓርክ ካደረጋችሁት ለቀስተኛው ሰፈሩን ሲዞር ውሎ እኔኑ ሰድቦ ነው የሚመለሰው።»

ሳቁ። እማማም ፈገግ አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ይቺም ልጅ እኮ ሥራዋ ቀልድ ማንበብ ነው። ለዚያ ይከፍሏታል።»

«እኔን ታዲያ ለምን በነጻ ያስቀልዱኛል?» አለ ሾፌሩ። «በይ እህቴ፣ አንድ በይና የተማረ ሰው ቀልድ እንስማ።»

ምንጣፉን እያየሁ ሌላ ነገር ፈለግሁ። ከላጩ በቀር የመጣልኝ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር፣ ቤት ስለመታልኝ ሰው እንዲሰማውም ፈልጌ ነበር። ስለ አንድ ላጭ መቃብር የተጻፈ የድሮ ግጥም ነው ብዬ አልኩት፦

ሲያወራ የኖረ ላጭ እዚህ ተኝቷል፤
ጆሮ ቢያጣ ዛሬ ከትል ጋር ያወጋል፤
መንገደኛ ቀስ በል፣ ኮቴህን ይሰማል፤
ካቆመበት ቦታ ወሬ ይቀጥላል።

ማንም አልሳቀም። ሾፌሩ ካርታውን መሰብሰብ ጀመረ። እማማ ተነሥተው ወደ መኝታ ቤት ገቡና በሩን ዘጉ።

አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አሉ። «ምነው ልጄ፣ ስንት ቀልድ እያለ? ሟቹ እኮ ታክሲያቸው ውስጥ የገባ ሰው፣ ወሬያቸው ሳያልቅ አይወርድም ነበር።»

እኔ የማውቃቸው ጣሪያ እያዩ ሲተኙ ብቻ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ጨዋታ አዋቂ እንደነበሩ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። ቢሆንም ትል እንደማይነሣ ለማወቅ ማንም ሊነግረኝ አይገባም ነበር። ለቅሶ ቤት የሚባለውንና የማይባለውን አውቃለሁ። ግን ለወራት ሟቾችን በሥራቸው ስመዘግብ፣ ላጭ፣ ጠበቃ፣ ጸሐፊ እያልሁ፣ ሟች የሚባለው ነገር አታሚ የሚቀያይረው ቃል ሆኖብኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ አልወጣሁም። መልእክት ጽፌ አጠፋለሁ፣ ደግሞ እጽፋለሁ። የአርባው ቀን ወንበር ሲጎተት ከጣሪያዬ በላይ ይሰማኝ ነበር። መጥተሽ እርጂን ያለኝ የለም። ሳልጠራ መሄድ እንደሚገባኝ አውቅ ነበር፤ ጫማዬን አድርጌ እስከ ደረጃው ደርሼ ተመለስሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ወጣሁ። አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

ቆየት ብለው ከፈቱ። ግቢ አላሉኝም።

«ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁ። ባለቤትዎ እንደዚያ ተጫዋች እንደነበሩ አላወቅሁም።»

«ከየት ታውቂያለሽ? አንቺ ስትመጪ አፉ ተይዟል።» ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «አልተቀየምሁም ብልሽ ውሸት ነው። ትሉ ነው ያናደደኝ። ትሉ ምን ያደርግልሽ ነበር?»

«መጽሐፉ ላይ ስላለ ነው።»

«መጽሐፍ ላይ ያለ ሁሉ ይነገራል?»

በሩን እንደያዙ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ያ ላጭ» አሉ፣ «ሚስት ነበረችው?»

«መጽሐፉ አይልም። ሰውየው መኖሩም አይታወቅም። ሥራውን እየቀያየሩ ነው ያተሙት።»

«የሌለ ሰው ነዋ። የእኔ ግን ነበረ።» በሩን ለቀቁልኝ። «ግቢ፣ በር ላይ አትቁሚብኝ።»

ተቀመጥሁ። ቴሌቪዥኑን አልዘጉም። እሱን እያዩ ስለ ባለቤታቸው ይነግሩኝ ጀመር። አንድ ጊዜ ከአርሊንግተን አንድ መንገደኛ ጭነው፣ ኤርፖርት በር ላይ አቁመው ወሬያቸውን ሲጨርሱ ሰውየው አውሮፕላኑ አመለጠው። መልሰው በነጻ ቤቱ ወሰዱት፤ በመንገድ ላይም ሌላ ወሬ ጀመሩለት። መሳቅ ይፈቀድልኝ እንደሆነ ስላላወቅሁ ከንፈሬን ነከስሁ።

«ሳቂ እንጂ» አሉኝ። «ይሄ ያስቃል።»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም፤ እኔን ሲያዩ ቆይተው ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለሱ።

አሁንም እሑድ እሑድ እወጣለሁ። ሲከፍቱልኝ ደብዳቤ አነብላቸዋለሁ። አንዳንዴ ግን ውስጥ እንዳሉ እየሰማሁ አይከፍቱም። ሁለት ጊዜ አንኳኩቼ፣ ጥቂት ቆሜ፣ እወርዳለሁ።