ትል የገባበት ድንች

ባንች ትምህርት ቤት ስታጸዳ ውላ ከአውቶቡስ ብትወርድም በቀጥታ ወደ ቤቷ አልገባችም። እስራኤል አገር በምትኖርበት ራማት የዲዲም ሰፈር፣ ከሕንፃዎቹ ጀርባ ሰፈርተኛው በጋራ የሚያለማው የአትክልት ቦታ አለ፤ እሷና ጎረቤቷ አባ ዘበነ እዚያ ጎን ለጎን ድንች ተክለዋል። ሽማግሌው ደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ከገቡ ወዲህ የሁለቱንም መደብ የምታጠጣው እሷ ናት። ጉልበቷ እንቢ ቢላትም አደራ ነውና ቀርታ አታውቅም።

የዚያን ቀን ቅጠሉን እሳት እንደላሰው ጠውልጎ አገኘችው። አንዱን ከሥሩ ቆፈረችው። ድንቹ ተቦርቡሯል፤ በቀዳዳው አፍ ጥቁር የትል እዳሪ ተከምሯል። በቢላ ስትሰነጥቀው ቀጭን ትል ብቅ አለ።

የቦታው ኃላፊ ኦርኒት መጥታ አየችና ራሷን ነቀነቀች።

"የድንች የእሳት እራት ነው፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ተባይ" አለቻት በዕብራይስጥ። "የሁለታችሁም ካልተነቀለ ወደ ሌሎቹ ይዛመታል።"

"የኔን ዛሬውኑ እነቅላለሁ። የሳቸውን ግን ሳልጠይቅ አልነካም።"

ባንች መደቡ ዳር ቁጭ ብላ ደወለች።

"አባ ዘበነ፣ ድንቹን ትል ገባበት። የአንቱም ይነቀል ብላለች ኦርኒት።"

ሽማግሌው መልሰው ጠየቋት።

"ከሥሩ ቆፍረሽ አየሽው?"

"አየሁት። የላይ የላዩን ጨርሶታል።"

"እኔማ ስድን ራሴ ቆሜ የማወጣው መስሎኝ ነበር" አሉ። "በይ ንቀይው። ወደ ሰው መደብ ከሚሻገር የኛ ይቅር።"

ልጇ ኖዓ መጣች፤ እናቷን በዕብራይስጥ "ኢማ" ነው የምትላት። "ኢማ፣ ደክሞሻል፤ ድንች እኮ ሱፐርማርኬት ሞልቷል" ብላ ብታጉረመርምም እጅጌዋን ሰበሰበች። እናትና ልጅ እየነቀሉ በጥቁር ፌስታል ቋጠሩት። ከአፈሩ በታች በጥልቀት የተቀበሩ ጥቂት ድንቾች ብቻ ደህና ሆነው ወጡ።

በማግሥቱ ባንች እነሱን ቀቅላ ሆስፒታል ወሰደችላቸው። አባ ዘበነ ልጠው በጨው በሉ።

"ለከርሞ ነጭ ሽንኩርት እንተክላለን" አሉ።

ጉልበቱን ከየት አመጣለሁ ልትል አሰበችና ተወችው። "ይሁን፣ አባ" አለች።

ከዚያ ያበጡ እግሮቿን ከጫማ አውጥታ ወንበሩ ላይ ደገፍ አለች። እሳቸው ሁለተኛውን ድንች ሳይጨርሱ እንቅልፍ ወሰዳት። ነርሷ ስትገባ አባ ዘበነ ድምጿን ዝቅ እንድታደርግ በእጃቸው ምልክት ለመኗት።