እህቴ የወጋችው መርፌ

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ስትሰፋ እጇ አይንቀጠቀጥም፤ ስትናገር ምላሷም እንደዚያው። አንድ ልጇ ከተወለደ ጀምሮ ደሙ ቶሎ አይረጋም፤ ትንሽ ከተጋጨ ጉልበቱ ያብጣል። ሐኪም ቤት መመላለሱ ሲያንገፈግፋት መርፌ መውጋት ተማረችና መድኃኒቱን እቤት ራሷ ትሰጠው ጀመር። ልጁን የስፌት ጠረጴዛዋ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ እኔ ክንዱን እይዛለሁ። መርፌውን አይቶት አያውቅም። ዓይኑን እናቱ ፊት ላይ ተክሎ «ጀምሪ» ይላታል። «እሺ፣ አለቃ» ትለዋለች። አለቃ የሚለው ስም በዚያው ቀረ።

አለቃ ሃያ አንድ ዓመት ሲሞላው ሐኪም ቤቱ ጠራቸው። መድኃኒቱ ከብዙ ሰው ደም ነው የሚሠራው፤ በልጅነቱ የወሰደው በደንብ ሳይጣራ የመጣ ኖሯል። ጉበት የሚጎዳ ቫይረስ ነበረበት፤ ልጁንም ይዞታል። ዶክተሩ ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ ደጋግሞ ነገራት።

«የትኛው ብልቃጥ ነው?» አለች እህቴ።

ማን ያውቃል። እሷ ግን ዛሬም እየቆረጠች እየሰፋች ቀኖቹን ታነሳብኛለች። ያለቀሰ ዕለት ይሆን? ወይስ እየሳቀ የተወጋ ዕለት? አንዳንዴ ዝም በይ ብዬ እቆጣታለሁ፤ ፈርቼ ነው።

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። አሥራ ሁለት ዓመት ያሰፋች ደንበኛዋ ያልተቆረጠ ጨርቋን «ቸኩያለሁ» ብላ ወሰደች። እኔ በሩ ላይ የልቤን ነገርኳት፤ እህቴ ግን ከስፌት መኪናዋ ቀና አላለችም። እሷን የሚያስጨንቃት ሌላ፣ የልጇ ልብ ነው።

«በሆዱ ይዞብኝ ይሆን?» ትለኛለች።

«ራሱን ጠይቂው» ስላት ወሬ ትቀይራለች። ልጁን መውጋትም ተወች፤ ነርስ ጋ ይሄዳል።

ባለፈው እሑድ ጉልበቱ አብጦ መቆም አቃተው። ነርሷ አልነበረችም። አሁን የሚሰጡት መድኃኒት ንጹሕ ነው፤ አንድ ብልቃጥ ፍሪጅ ውስጥ ነበር።

«እማ፣ አንቺ ውጊኝ።»

«እኔ?»

«ታዲያ አክስቴ ትውጋኝ? ዓይኗ እኮ ክር ማስገባት አቅቶታል።»

ሳቅን። እኔማ ተገላገልን ብዬ ደስ አለኝ። እህቴ እጇን ሦስት ጊዜ ታጠበች። ክንዱን ያዝኩ።

«ጀምሪ» አለ።

«እሺ፣ አለቃ።»

እጇ አልተንቀጠቀጠም። ቀና ብላ ፊቱን አየች። እሱ ግን መርፌውን ነበር የሚያየው፤ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ዓይኑን አልነቀለም።

«በሆዱ ይዞብኝ ይሆን?» ብላ ከዚያ ቀን ወዲህ ጠይቃኝ አታውቅም።