ውሃልክ የገጠመው በር

አናጢውን የሰፈሩ ሰው «ውሃልክ» ነው የሚለው። አርባ ዓመት ሙሉ በር ሲገጥም አንድም ቀን ተጣሞበት አያውቅም፤ ይህንንም ለመናገር ሰው እስኪጠይቀው አይጠብቅም። ዛሬ ግን ያ ሁሉ ጉራ የት እንደገባ እንጃ። የጡረታ መሥሪያ ቤቱ ሽንት ቤት ደጃፍ ላይ፣ የሚስቱን ተሽከርካሪ ወንበር ይዞ ላቡ ይንቆረቆራል።

ሚስቱ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ካላት ሁለት ዓመቷ ነው። አሻራ ልትሰጥ ስትመጣ እንዳትቸገር ብላ ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ጉሮሮዋን አላረጠበችም። ምን ዋጋ አለው፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተራ አልደርስ አላት።

ወንበሩን ወደ በሩ ገፋው፤ ጎማው መቃኑን ገጨ። በጎን ሞከረ፤ አሁንም እንቢ አለ።

«ቶሎ በል፣ አልቻልኩም» አለችው በለሆሳስ። ክፍል ሙሉ ተማሪ በዓይኗ ብቻ ጸጥ ታሰኝ የነበረች ሴት አንገቷን ደፍታለች። አግዳሚው ላይ የተደረደረው ባለጉዳይ ዓይኑን ተክሎባታል።

«ልሸከምሽ።»

«ሰው ፊት? እንዳታስበው።»

በሩ ቢነቀል ማጠፊያው የሚይዘው ጥቂት ሳንቲሜትር ይገኛል። ካቻቢቴ ከኪሱ አይለይምና አውጥቶ ተንበረከከ። ሁለቱ ማጠፊያዎች ወዲያው ተፈቱ። የሦስተኛው ብሎን ግን ዝጎ አልነቃነቅ አለ።

ዘበኛው እየሮጠ መጣ። «አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው? የመንግሥት ንብረት እኮ ነው።»

«የገጠምኩት እኔ ነኝ» አለ ዞር ሳይል። ነገሩ ከአፉ ከወጣ በኋላ ማቆም አቃተው። «ፕላኑ ስፋቱን ዘጠና ሳንቲሜትር ነው የሚለው። የተረፈ ጠባብ መቃን ነበረና፣ እዚህ ማን በጋሪ ይመጣል ብዬ ፎርማኑን ያሳመንኩት እኔው ነኝ። ሰባ አድርጌ ገጠምኩት።»

ብሎኑ ተፈታ፤ አናጢው በሩን ነቅሎ ግድግዳው ላይ አስደገፈና ወደ ወንበሩ ተጣደፈ።

«ተወው» አለችው ሚስቱ። «ረፍዷል።»

ቀሚሷን አየ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ኮቱን አውልቆ ጭኗ ላይ ጣል አደረገላት፤ ቀና ብሎ ሊያያት ግን አፈረ። ይኼኔ በመስኮቱ አርባ አንድ ቁጥር ተጠራ። የእሷ ቁጥር ነው።

«ቤት ልውሰድሽ። ሌላ ቀን እንመጣለን» አላት። «ይቅር በይኝ።»

ኮቱን በደህናው እጇ አስተካከለች።

«ያኔ ቤት መጥተህ ፎርማኑን እንዴት እንዳሳመንከው ስታወራልኝ እኔም ስቄ ነበር» አለችው። «ግፋኝ፣ ተራችን እንዳያልፍ።»