መሪዋ የተዛወረ ቪትዝ

ከደብረ ታቦር የወጣሁት አመሻሽ ላይ ነበር። እናቴ በሶውንም ድርቆሹንም ሻንጣዬ ውስጥ ስትጠቀጥቅ፣ ታናሽ ወንድሜ ምናለ የሚኒባሱን በር ይዞ «እታለም፣ እንዳትረሽን» ይለኛል። ማን ማንን ይረሳል! ባሕር ዳር እስክንደርስ አለቀስሁ፤ ከዚያ ራበኝና በሶዬን በጠበጥሁ።

የሄድሁባት የዐረብ አገር፣ ሻርጃ፣ የእሳት ጎረቤት ናት። የጉናን ብርድ ስንቴ ረግሜው ነበር፤ እዚህ ስደርስ ናፈቀኝ። የቤት ሠራተኝነት ውሌን ስጨርስ፣ ረሺድ የሚባሉ ፓኪስታናዊ ሽማግሌ የጃፓን መኪና መለዋወጫ ሱቃቸው ውስጥ ቀጠሩኝ፤ የሐበሻ ደንበኛ ስለሚበዛባቸው አስተርጓሚ ፈልገው ነው። ሥራውን ወደድሁት። ኑሮውንም ቢሆን ለመድሁት፤ አከራዬ ብቻ ሽሮ በሠራሁ ቁጥር በር ትደበድብ ነበር።

«ምን ተቃጠለ?»

«ምንም። እራቴ ነው።»

«እራት እንዲህ ይሸታል?»

«ያንቺስ ዓሣ?»

ሳቀች፤ ሳህን ይዛም ተመለሰች። ዛሬ ሽሮ ካልላክሁላት ታኮርፋለች።

እንዲህ ተደላድዬ ሳለሁ ነው ምናለ የደወለው። ሰው እያመላለሰ የሚተዳደርባት ቪትዝ መኪናው ጋራዥ ቆማለች፤ መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ዕቃ አልቋል። ሁለት ጊዜ ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ሁለቱም አልገጠመም።

«እታለም፣ በቃኝ። ሸጫት በባሕር ልወጣ ነው። ደላላም አግኝቻለሁ።»

ያ ባሕር የሰፈራችንን ልጆች በልቷል። «ቆይ እስቲ! የሻንሲ ቁጥሩን ላክልኝ!»

«በሱው አይደል እንዴ ያዘዝሁት!»

ሮጬ ለረሺድ ነገርኋቸው። ጢማቸውን እያሻሹ «አገራችሁ መሪው በየት በኩል ነው?» አሉኝ።

«በግራ።»

«ጃፓን በቀኝ ነው። የሻንሲ ቁጥሩ የሚነግርሽ መኪናዋ ስትሠራ የነበራትን ነው። መሪዋን በኋላ ያዛወረው ሰው ምን እንደገጠመላት ቁጥሩ በምን ያውቃል? አሮጌውን ዕቃ ፈትቶ ፎቶ ይላክልሽ።»

ምናለ እያጉረመረመም ቢሆን ፈትቶ ፎቶውን ላከ። ብረቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ደብዝዞ አልነበብ አለኝ። «በጠመኔ ቀባውና ላዩን ጥረገው» አልሁት። ጠመኔው ቅርጹ ውስጥ ቀረ፤ ቁጥሩ ነጭ ሆኖ ወጣ። ከረሺድ ጋር የሱቁን የዕቃ ክምር ገለባብጠን ተመሳሳይ ቁጥር ያለው አገኘን። እኔ ግን አላመንሁም፤ የጥርሱን ብዛት፣ የብሎኑን ቀዳዳ፣ ርዝመቱን ሳይቀር ምናለን በስልክ እያስለካሁ አመሳከርሁ። ረሺድ በዐረብኛ «ኩሉ ተማም!»፣ ሁሉም ልክ ነው፣ ብለው አጨበጨቡ። አገር ቤት ለምትገባ ጓደኛዬ ዕቃውን አስያዝኋት።

ከዚያ ወዲያ ስልክ ሲጠራ ልቤ ይዘላል። ጅቡቲ ነኝ ቢለኝስ?

አንድ ዓርብ ደወለ።

«እታለም፣ ገጠመ! እንደ ቅቤ ነው የምትታጠፈው! አባባን ወንዛዬ ፍል ውኃ እየወሰድኋቸው ነው፤ ወረታን አልፈን ጥግ ይዘን ቆመናል።»

«ደላላውስ?»

«የምን ደላላ? እንቺ፣ አባባን አናግሪ።»

ቁጭ ብዬ የአባቴን ድምፅ ጠበቅሁ።

«ልጄ፣ ደኅና ነሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባባ። ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎ?»

«ፍል ውኃው ያውቃል። አንቺ መቼ ነው የምትመጪ?»

እዚህ ደልቶኛል፤ እዚያም መሆን አማረኝ።

«አባባ፣ በመኪናው መስኮት ምን ይታይዎታል?»

«ሩዙ እየታጨደ ነው። ከብቱ ተሰማርቷል።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ… አንዲት ሴት ውኃ ቀድታ ትሄዳለች።»

«ሌላስ፣ አባባ?»

አባባ ሳይሰለቹ እያዩ ነገሩኝ።