የተራገፈ ሰሊጥ

ልጅ ሳለሁ፣ መተማ ዮሐንስ ከቤታችን ፊት ለፊት አያ ደሴ የሚባሉ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። እናቴ እኔን በወለደች በዓመቱ በወባ ሞታለች፤ ፎቶ እንኳ አልነበራትም። አባቴ ስሟ ሲነሳ ተነስቶ ይወጣል። በመኸር ሰሞን እሱ እርሻው ላይ ስለሚሰነብት እኔን ለአያ ደሴ ይተወኝ ነበር። ያኔ ትንኝ እንዲርቅልን የሰሊጥ ጭራሮ አጭሰው፣ የፋኖሱን ክር ዝቅ አድርገው፣ የጅብና የጦጣ ተረት ሳይሆን የአንድ ሰውዬ ነገር ያወሩኝ ነበር።

ሰውዬው ከሱዳን የመጣ ፊልም ሠሪ ነው። በአገሩ ካሜራ ይዘው የገዛ ወገናቸውን ማንሳት ከጀመሩት አንዱ ነበር ይሉኛል። ሌላው ሹምና ሰልፍ ሲያነሳ እሱ የሚያነሳው ላብ ነበር። ሠራተኛው «ሙዲር» ይለዋል፣ አለቃ ማለት ነው። አያ ደሴ ደግሞ የካሜራውን መቆሚያ ተሸክመው ከሱዳኑ ገዳሪፍ እስከ እኛ ሰሊጥ እርሻ ድረስ ተከትለውታል።

እናቴ የምትመጣው እዚህ ላይ ነው። ታጭዶ እንዲደርቅ የቆመውን ነዶ ሸራው ላይ ዘቅዝቃ ስታራግፍ፣ ሙዲር ብርሃኑ አልጣመው ኖሮ «እንደገና!» አለ።

«ተርጉሜ ብነግራት፣ እናትሽ ባዶውን ነዶ ከፍ አርጋ አየችውና፣ ‹የተራገፈ ሰሊጥ ደሞ ምኑ ይራገፋል? ይኸን ሰውዬ ፀሐይ መታው እንዴ!› ብላ ሳቀች። ሙዲር ያን ሳቅ አነሳው። ከዚያ ወዲያ ማንንም ድገሙ ብሎ አያውቅም። የሚመጣውን ጠብቆ ማንሳት ነው። ኋላ ፊልም ያስተማራቸውን ልጆችም እንዲሁ አስተማረ። ኸላስ!»

«ኸላስ» አለቀ ማለት ነው። ይቺን ቃል እንዴት እጠላት ነበር! «አያ፣ እንዴት ነበር የሳቀችው?» ብዬ እለምናቸዋለሁ፤ እሳቸውም አንጀታቸው አይችልምና ይሞክሩታል። የሚወጣው ጥርስ የሌለው የሽማግሌ ሳቅ ነው። እኔ ግን እዚያ ውስጥ እናቴን ፍለጋ ዓይኔን ጨፍኜ እቀመጥ ነበር።

ገዳሪፍ ወስደው ፊልሙን ሊያሳዩኝ ቃል ገብተውልኝ ነበር። ዛሬ ነገ ሲሉ ሙዲር ሞተ ተባለ፤ እሳቸውም ተከተሉ። ማዶ ሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ደግሞ ሸሽተው የሚሻገሩትን ስለ ፊልሙ እጠይቃለሁ። ቤቱ የተቃጠለበትን ሰው ፊልም ብዬ መጠየቄ እኔኑ ያሳፍረኛል፤ ግን እጠይቃለሁ።

ዛሬ ገንዳ ውሃ ከተማ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ እቀርጻለሁ። ካመለጠኝ አመለጠኝ እንጂ ሙሽሮችን ድገሙት አልልም፤ የሙያ ጓደኞቼ ሞኝ ነሽ ይሉኛል። በቀደም አንዲት የሙሽራ እናት ልጇን ስትሸኝ፣ እንባዋ ሳይደርቅ በሳቅ ፈነዳች። ቀረጽኋት። ሲመሽ ብቻዬን ተቀምጬ የሰው እናት ሳቅ እየመለስሁ፣ እየመለስሁ አየሁ። ማንንም ድገሙ የማልለው እኔ፣ እንደገና፣ እንደገና።

የእኔዋ እናት ግን ዛሬም የምትስቀው ጥርስ በሌለው በአያ ደሴ አፍ ነው።