ከቀዩ ካርድ በኋላ ሊባኖስ የት ተመደበ?

ሊባኖስ ከሰኞ እስከ ዓርብ የመብራት ቆጣሪ እያነበበ ከቤት ቤት ይዞራል። እሑድ ደግሞ ፊሽካውን አንጠልጥሎ የእግር ኳስ ጨዋታ ይዳኛል። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ የገባኝ አስመራ ላይ ነጻነት በገባ በአራተኛው ዓመት ነው። እሑድ ያስቆጣውን ሰው ሰኞ ጠዋት በሩን ማንኳኳት አለበትና።

በዚያ ዓመት አንድ እሑድ ያስቆጣው ደግሞ የራሱን ሰፈር፣ ዓባ ሻውልን፣ በሙሉ ነበር። ንስር የሚባለው የሰፈሩ ቡድን አጥቂ፣ ሩፋኤል፣ ኳሱ ሌላ ጥግ ሳለ የተጋጣሚውን ተከላካይ አፍንጫ በክርኑ መታ። ሊባኖስ አየው፤ ሮጦ ደረሰና ቀዩን ካርድ አወጣ። ሩፋኤል ጎረቤቱ ነው። በአንዲት ጠባብ መንገድ ይኖራሉ፤ ልጁ ኳስ የለመደው የሊባኖስን ግድግዳ እየደበደበ ነው።

በማግስቱ እኔ በምኖርበት ሰፈር፣ ገጀረት፣ ጎረቤቴ ኣዜብ በሯን ከፍታ ሊባኖስን አየችው።

«ቆጣሪ ልታነብ ነው? ክርንና ኳስ መለየት ያቃተው ዓይን ቁጥር ይለያል?»

«ክርኑን ስላየሁት ነው እኮ ጣጣው፣ ሓፍተይ።»

«ግድ የለም፣ አሁን ደቀምሓረ ይወረውሩሃል። እዚያ ለፍየሎች ታፏጫለህ!»

እውነትም በሚቀጥለው እሑድ ደቀምሓረ ሄደ፤ ለዝቅተኛ ዲቪዚዮን ጨዋታ። ከዚያ ወዲያ ባለው ደግሞ አስመራ ስታዲየም ቢመለስም የመስመር ዳኛ ሆኖ ባንዲራ ያዘ። ከተማው ፈረደ፦ ሰው ያስወጣ ዳኛ ራሱም ይወጣል ተባለ። እኔ ግን ነገሩን ሳላጣራ መተው አልሆነልኝም። አንድ ቀን ፌርማታ ላይ አገኘሁትና ጠየቅሁት።

«ተቀጥተህ ነው?»

«እኔ እንጃ። ኣቶ ኣርኣያ ደቀምሓረ ካለኝ አውቶቡስ እሳፈራለሁ። ለምን አይባልም።»

ኣቶ ኣርኣያ ዳኞችን የሚመድቡት ሰው ናቸው። ዱሮ ራሳቸው ዳኛ ነበሩ። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አንድ ፓስቲ ቤት ይቀመጣሉ፤ ዳኞቹም እየመጡ የእሑድ ምድባቸውን ከአፋቸው ይሰማሉ። እኔም ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥሁና ሻሂ አዘዝሁ።

«ኣቶ ኣርኣያ፣ ቀይ ካርድ ዳኛን ጨዋታ ያሳጣል እንዴ?»

ሳቁ። «እጁ የተቃጠለን ሰው በማግስቱ ምድጃ ዳር ታቆመዋለህ? ንስርን ወዲያው መልሼ ብሰጠው ወይ ይፈራል፣ ወይ እንዳልፈራ ላሳይ ብሎ ያጠፋል። ደቀምሓረ ማን ያውቀዋል? ያርፋል።»

«ካርዱ ስሕተት ቢሆንስ ኖሮ?»

«ያኔማ ደቀምሓረንም አያያት! ስማኝ፣ እኔን የሚያሳስበኝ ካርድ የሚያወጣው አይደለም። አንዴ አውጥቶ፣ ተሰድቦ፣ ከዚያ በኋላ ኪሱ የት እንዳለ የሚረሳው ነው።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። የዋንጫው ፍጻሜ ለዳግም ትንሣኤ ነው፤ ንስር ከደረሰ ዳኛው ሊባኖስ ነው። «ሁሉም ይሰድበዋል፣ ሁሉም ያምነዋል። ብቻ እስከዚያ ከሁለቱም ቡድን ሰዎች ቤት ውኃ እንኳ እንዳይቀምስ። ነግሬዋለሁ።»

ንስር ፍጻሜ ደረሰ። ሊባኖስ በዚያ ዓመት የዳኞች የዕድሜ ገደብ ስለሚደርስበት ፊሽካውን ይሰቅላል፤ በዳኝነት ዘመኑ ሁሉ ደግሞ አንድም ፍጻሜ አልመራም። ሚስቱ ሰገን እንደነገረችኝ፣ በዚያ ሰሞን ጫማውን እየደጋገመ ይወለውል ነበር።

በሕማማት ሳምንት የሰፈሩ ሽማግሌ ኣቦይ ገረዝጊሄር ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ሊባኖስ ቤት መጡ። የላከቻቸው የሩፋኤል እናት፣ ኣደይ ለተሰንበት ናት።

«በአንድ መንገድ እየኖራችሁ ልጇ ሰላም አይልህ፣ አንተ አትለው። ክርስቶስ ሲነሣ እናንተ ተኳርፋችሁ ልትቀሩ ነው? የፋሲካ ዕለት ቤቷ ምሳ ብላና ነገሩ ይብቃ።»

«እወ፣ ኣቦይ፣ ደስ ይለኛል። ብቻ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ይሁንልኝ። ቤቷ ከበላሁ ፍጻሜውን አልዳኝም።»

«ለእርቅ ቀጠሮ ትሰጣለህ?»

«ለአንድ ሳምንት ነው እኮ።»

«ከፋሲካ ወዲያ የሚመጣ እርቅ ለእኔ ምኔ ነው ብላለች። ደግሞም ባለፈው ወር ቆጣሪ ልታነብ ቤቷ ገብተሃል አሉ። ለቆጣሪዬ ያገኘውን ጊዜ ለእኔ ነፈገኝ ብላለች።»

ሰገን ሳቋን መያዝ አቃታት። ሊባኖስ አልሳቀም። ሽማግሌ መልሶ በዚያ መንገድ መመላለስ እንደማይሆንለት ያውቃል፤ ፍጻሜውም ሁለተኛ እንደማይመጣለት ያውቃል። ሽማግሌዎቹን እስከ በር ሸኝቶ ተመለሰና ሚስቱን ዓይን ዓይኗን አየ።

«እኔን አትየኝ» አለችው። «ሄድክም ቀረህም ነጠላህን አጥቤልሃለሁ።»

የፋሲካ ዕለት ነጠላውን ለብሶ ሄደ። ሩፋኤል ከተቀመጠበት ተነሥቶ ትከሻውን ሳመው። ኣደይ ለተሰንበት የዶሮውን ዝግኒ እያወጣች፣ «ብሉ፣ ሁለታችሁም ከስታችኋል» አለች። ልጁ ትንሽ ከበላ በኋላ አላስችል አለው።

«ኣያ ሊባኖስ፣ ግን ክርኔን እንዴት አየኸው? ጀርባህን ሰጥተህ ነበር እኮ!»

«ስትናደድ ትንፋሽህ ይሰማል፤ ሰምቼ ዞር አልሁ። ከልጅነትህ ጀምሮ ነው።»

ሐሙስ ዕለት ፓስቲ ቤቱ ነበርሁ። ሊባኖስ ገባና ሳይቀመጥ ለኣቶ ኣርኣያ ሁሉንም ነገራቸው። እሳቸው የሻሂውን ብርጭቆ ገፋ አደረጉ።

«ዝም ብትል እኮ እኔም ዝም እል ነበር።»

«ንስር ቢያሸንፍ ምሳው ነው ይባላል። ቢሸነፍ ደግሞ ምሳው እንዳይባል ብሎ ነው ይባላል። ጨዋታውን ማን ያየዋል?»

ኣቶ ኣርኣያ ፍጻሜውን ከከረን ለሚመጣ፣ እዚህ ማንም ለማያውቀው ዳኛ ሰጡት። ሊባኖስ «የቐንየለይ» ብሎ አመስግኖ ወጣ። ቀዩ ካርድ ያላሳጣውን ጨዋታ አንድ ምሳ አሳጣው። ተከትየው ወጣሁና ይቆጨው እንደሆነ ጠየቅሁት። «አዎን፣ በጣም» አለኝ።

እሑድ ዕለት ስታዲየም ተመልካቾች መሐል ተቀምጦ አገኘሁት። አጠገቡ ኣደይ ለተሰንበት አለች፤ ኳስ ሜዳ ገብታ የማታውቅ ሴት፣ ካልወሰድከኝ ብላ ይዛው መጥታለች። ገና እንደተጀመረ ዳኛው በሩፋኤል ላይ ጥፋት ነፋበት። ብድግ አለች።

«ኣንታ ዕዉር!»

«ኣደይ፣ ትክክል ነው፤ ገፍቶታል።»

«አንተን ዛሬ ማን ጠየቀህ? ዛሬ ዳኛ አይደለህም!»

በዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ጥቂት ቆይቶ ሩፋኤል ግብ ክልሉ ውስጥ ተጠልፎ ወደቀ፤ የከረኑ ዳኛ ግን ቀጥሉ ብሎ በእጁ አሳየ። ያኔ ከሁሉ ቀድሞ የተነሣው ሊባኖስ ነበር፤ ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ፣ የአንገቱ ሥሮች እስኪገታተሩ፦

«ኣርቢትሮ! ምን እያየህ ነው?»

ኣደይ ለተሰንበት ነጠላውን ይዛ ወደ ታች ጎተተችው።

«ተው በል፣ ተቀመጥ። እሱም የሰው ልጅ ነው፣ እናት አለችው።»